የዱሮ መኪና የመሃል ኮንሶል ሽፋን አገጣጠም፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ባለመኪኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮንሶል የምንለው ከክሩስኮቱ ሥር ተነስቶ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል እስከ እጅ ፍሬኑ የሚዘልቀውን ክፍል ነው። በዱሮ መኪና ውስጥ ቀድሞ የሚጎሳቆለው እሱ ነው፤ ከላይ ፀሐይና እጅ፣ ከሥር የካምቢዮና የጭስ ማውጫ ሙቀት ያገኘዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ሰው የግድ ሆኗል። እነዚህ መልሶች መኪናቸውን ገና ለዓመታት ሊነዱ ላሰቡ ሰዎች ናቸው።

ደረቅ ሽፋን ልደርብ፣ በሌዘር ላስለብስ ወይስ ኮንሶሉን ራሱን ልቀይር?

የጉዳቱን ልክ ይዩ። ቅርጹ ሙሉ ሆኖ ገጹ ብቻ ከደበዘዘ፣ ከተጫጫረ ወይም ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰነጠቀ ማስለበስ ይበቃዋል። ጠርዙ ተቆርሶ ከወደቀ ወይም ላዩ ከተጣመመ ደረቅ ሽፋን ይሻላል። ደረቅ ሽፋን ማለት በኮንሶሉ ቅርጽ ልክ የተሠራ፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኤቢኤስ ፕላስቲክ ሲሆን በአሮጌው ላይ ይደረባል። ኮንሶሉን ከመኪናው ወለል ጋር የሚይዙት የብሎን ጆሮዎች ከተሰበሩ ግን ሁለቱም መፍትሔ አይሆኑም። መጀመሪያ ጆሮዎቹ መጠገን አለባቸው፤ አለዚያ አዲሱም ሽፋን አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ደረቅ ሽፋን ለሁሉም መኪና አይሠራም፤ የሚመረተው ገዢ ለሚበዛላቸው ሞዴሎች ነው። ለላዳ፣ ለፊያት 124 ወይም ለፔጆ 504 ሲፈልጉ ከመክረም በታፒሴሪ ባለሙያ ማስለበሱ ያዋጣል። ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ ኮንሶል አልነበረውም። ያለዎት ኋላ የተገጠመ ሳጥን ነውና በመኪናው ሞዴል ሽፋን ቢፈልጉለት አያገኙም፤ የሳጥኑን ልክ ወስደው ያስለብሱት።

ከውጭ የማስመጣው ደረቅ ሽፋን ልክ እንደሚሆን እንዴት አውቃለሁ?

የመኪናው ስም ብቻውን አይበቃም። ማርሹ በእጅ ነው ወይስ አውቶማቲክ? እጅ ፍሬኑ በወንበሮቹ መካከል ነው ወይስ ሌላ ቦታ? የመስኮት ማብሪያዎች ኮንሶሉ ላይ አሉ? መሪው በግራ ነው? እነዚህን ለሻጩ ይጻፉለት። ለምሳሌ ከ1976 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. የተመረተው መርሴዲስ ደብልዩ 123 ግራ መሪ ከሆነ የማቆሚያ ፍሬኑ በእግር የሚረገጥ ስለሆነ ኮንሶሉ ላይ የእጅ ፍሬን ቀዳዳ የለውም። መስኮቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ማብሪያዎቹ እዚያው ማርሹ አጠገብ ናቸው። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ መርሴዲሶች የተለያየ ሽፋን ሊፈልጉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ አራት ልክ ይውሰዱ፦ ጠቅላላ ርዝመት፣ በፊትና በኋላ ያለው ስፋት፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ማርሹ ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት፣ የጎኑ ከፍታ። ቀዳዳው በ5 ሚሊ ሜትር እንኳ ከተዛነፈ ማርሽ ሲገባ ዘንጉ ጠርዙን ይመታዋል።

ምን ምን ማዘጋጀት አለብኝ?

ለማስለበስ፦ ስፋቱ 1.40 ሜትር ከሆነው የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ሌዘር 1 ሜትር፣ ከሥሩ የሚገባ 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ፣ ግማሽ ሊትር ሙቀት የሚችል ማስቲሽ፣ የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር፣ ስለታም ምላጭ፣ የፀጉር ማድረቂያ። ለደረቅ ሽፋን፦ አንድ ቱቦ ሲሊኮን፣ የወረቀት ፕላስተር፣ 80፣ 120 እና 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። ለሁለቱም የመስቀልና የጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ አልኮልና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያስፈልጋል። ጨርቁ ነጭ ይሁን የምንለው ቆሻሻው መውጣቱን ስለሚያሳይ ነው።

ሲሊኮን ሲገዙ ሽታውን ይጠይቁ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ የማብሪያዎቹን የመዳብ ጫፎችና ያልተቀባ ብረትን ያዝጋል። ኮንሶል ውስጥ ሽቦ ስላለ አሲድ አልባውን ይምረጡ።

ኮንሶሉን ሳልሰብር እንዴት ላውጣው?

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙና ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ ያስገቡ፤ ሥራው መሃል ላይ ማርሹም እጅ ፍሬኑም ከቦታቸው መነሳት ስላለባቸው መኪናውን የሚይዘው ታኮው ብቻ ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። የሲጋራ መለኮሻው ሽቦ በብዙ መኪኖች ቁልፉ ቢጠፋም ኃይል አለው፤ ከብረት ጋር ከተነካካ ፊውዝ ይበላል፣ ከዚያም የባሰ ሊያመጣ ይችላል።

ከዚያ የማርሹን እጀታ ያውጡ። አብዛኛው ወደ ግራ ተጠምዝዞ ይፈታል፤ እምቢ ካለ በፒንሳ አይታገሉት፣ በጨርቅ ጠቅልለው በሁለት እጅ ያዙሩት። ቀጥሎ የማርሹን ዘንግ ዙሪያ የሚሸፍነውን ልብስ ከነክፈፉ ያንሱ። ብሎኖቹ ብዙውን ጊዜ በማይታዩበት ቦታ ይሆናሉ፦ ከሲጋራ መተርኮሻው ሥር፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ምንጣፍ ሥር፣ በጎን ከወለሉ ምንጣፍ ጋር በሚገናኝበት። ኮንሶሉ አልነሳ ካለ የቀረ ብሎን አለ ማለት ነው። የ40 ዓመት ፕላስቲክ የሚሰበረው በዚህች ሰዓት ነው፤ ከመሳብዎ በፊት በእጅዎ ዳብሰው ይፈልጉ።

እጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ስበው ኮንሶሉን መጀመሪያ ከኋላ፣ ከዚያ ከፊት ያንሱ። ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ በየጫፉም የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው ቁጥር ይጻፉ። ብሎኖቹን ካርቶን ላይ የኮንሶሉን ቅርጽ ሥለው በየቦታቸው ይሰኳቸው፤ ርዝመታቸው ይለያያልና ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ አዲሱን ሽፋን ከሥር ይወጋዋል።

ኮንሶሉ ሲነሳ ምንጣፉ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ልቀጥል?

አይቀጥሉ። ክረምት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ውኃው የሚገባውም በፊት መስታወት ጎማ ወይም ከኮፈኑ ሥር፣ መስታወቱ እግር ላይ ባለው የውኃ መውረጃ በኩል ነው። በባሕር ዳር ዛፍ ጥላ ሥር የሚውል መኪና መውረጃው በቅጠልና በአበባ ይደፈናል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይመለሳል። መውረጃውን ይጥረጉ፣ መስታወቱ ላይ ውኃ እያፈሰሱ ከውስጥ ሰው ያሳዩ፣ ምንጣፉን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያድርቁ፣ የዛገውን ወለል ፍቀው ጸረ ዝገት ይቀቡ። እርጥበት ላይ የተከደነ ኮንሶል ይሸታል፣ ማስቲሹም ከሥር ይላቀቃል።

በዚያው እጅ ካምቢዮው ላይ ያለውን የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ይዩ። ከተቀዳደደ ወይም ከጠፋ አሁን ይተኩት፤ ኮንሶሉ ሌላ ጊዜ እንዲሁ በቀላሉ አይነሳም።

ኮንሶሌ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

ሁሉም ፕላስቲክ ማስቲሽ ስለማይቀበል ነው። ከማይታይ ቦታ፣ ከውስጥ ጠርዝ፣ የጥፍር ያህል ቁራጭ ይቁረጡና ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጣሉት። ከሰጠመ ምናልባት ኤቢኤስ ነው፤ አንድ ጠብታ አሴቶን ሲነካው የሚጣበቅ ከሆነ ተረጋገጠ። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይህ ዓይነቱ ቅባታም ባሕርይ ስላለው ማስቲሹ ሲደርቅ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ለሱ የተለየ ማጣበቂያ ቀለም አስቀድሞ ካልተቀባ ማስለበሱን ይተዉት፤ ሽፋኑን ተሰፍቶ በክር የሚወጠር፣ ያለ ማስቲሽ የሚያዝ አድርገው ያሠሩ።

ስንጥቁን ሽፋኑ አይደብቀውም?

ከዓይን ይደብቀዋል፣ ስንጥቁ ግን መሄዱን አይተውም። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይብሱ፤ ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ጉልበቱ ይበተንና ይቆማል። ከጀርባው በኩል ገጹን በ80 ቁጥር ፍቀው የፋይበር ጨርቅ በኢፖክሲ ይለጥፉ። ለኤቢኤስ ሌላ መንገድ አለ፦ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ፍቅፋቂ አሴቶን ውስጥ ያሟሟሉ፤ ማር ሲመስል ስንጥቁን ይሙሉበትና አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። ወደ ላይ ያበጠ የስንጥቅ ከንፈር ካለ ይፋቅ፤ አለዚያ በሌዘሩ ላይ እንደ ጅማት ይታያል።

ደረቁን ሽፋን እንዴት ልግጠመው?

በሳጥን ተጭኖ የመጣ ሽፋን ትንሽ ሊጣመም ይችላል። ፀሐይ ላይ 20 ወይም 30 ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ይላላና ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ከዚያ ያለ ማጣበቂያ ደጋግመው ይሞክሩት። እንደኛ እምነት ግማሹ ሥራ ይኸው ሙከራ ነው። የሚነካውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገው በ120 ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይፋቁ። በመቀስ አይቁረጡ፤ ኤቢኤስ በመቀስ ሲቆረጥ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ፕላስቲክ ሲሞቅ ያድጋል፦ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የኤቢኤስ ሽፋን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ይህ ሙቀት የተለመደ ነው። ክፍተት ያጣ ሽፋን መሃሉ ላይ ይነፋል። በዚሁ ምክንያት ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱና ከሮንዴላ ጋር ይሰሩት፤ ብሎኑን አፍነው አያጥብቁ።

አሮጌውን ገጽ በሳሙና፣ ቀጥሎ በአልኮል ይጠቡ። ባለመኪኖች ለዓመታት ሲያብረቀርቁበት የኖሩት ቅባት ሲሊኮን ካለበት ምንም ነገር አይይዝም፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ይደጋግሙ። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ በ120 ቁጥር ያሻክሩ፣ አቧራውን ይጥረጉ። ሲሊኮኑን በ6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር መስመሮች፣ በመካከላቸው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተዉ፣ ከጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ አድርገው ያስምሩ። ሙሉውን ገጽ እንዳይቀቡ። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው፤ በ24 ሰዓት የሚደርቀውም ከጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሁለት ፕላስቲክ መካከል ታፍኖ ሙሉ የተቀባ ሲሊኮን መሃሉ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ሽፋኑም ይንሸራተታል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ አየር ማስገቢያው ነው።

ካስቀመጡት በኋላ በወረቀት ፕላስተር ይወጥሩትና አሸዋ ወይም ጨው የሞላባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ደርድረው 24 ሰዓት ይተዉት። ድንጋይ ወይም ባትሪ አይጫኑበት፤ አንድ ቦታ ብቻ ይጎደጉዳል።

በሌዘር ማስለበስስ?

ልክ ለማውጣት ኮንሶሉን በስስ ላስቲክ ይሸፍኑ፣ በላዩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ደራርበው ይለጥፉ፣ ስፌት የሚያልፍበትን መስመር በእስክሪብቶ ያስምሩ፣ በመስመሩ ቆርጠው ያንሱት። ይህ ልክ ጠፍጣፋ ሲዘረጋ ለቆራጩ ምልክት ይሆነዋል። ለስፌት 1 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ውስጥ ለሚታጠፈው ጠርዝ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ። የስፌቱ እርምጃ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ያነሰ ከሆነ መርፌው ሌዘሩን እንደ ቴምብር ይበሳሳውና በዚያው መስመር ይቀደዳል። የቤት ልብስ መስፊያ ይህን አይችልም፤ ጫማና ቦርሳ የሚሰፉበት መኪና ያለው ሰው ይፈልጉ።

ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ይቀቡ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በጣትዎ ሲነኩት የሚይዝ ግን ወደ ጣትዎ የማይመጣ ሲሆን ደርሷል። እርጥብ እያለ ከተለጠፈ ማሟሟያው ከውስጥ ታፍኖ ኋላ ፀሐይ ሲያገኘው አረፋ ይሆናል። ይህን ሥራ በር ተከፍቶ፣ ከከሰልና ከእሳት ርቆ ይሥሩ፤ ትነቱ ይቀጣጠላል፣ ራስም ያዞራል።

ከመሃል ጀምረው ወደ ጠርዝ ይለጥፉ። ወደ ውስጥ በሚገባ ጥግ ላይ ሌዘሩን ይሰንጥቁት፣ ነገር ግን ስንጥቁ ከሚታየው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ይቁም። የማብሪያና የመተርኮሻ ቀዳዳዎችን በሙሉ አይቁረጡ፤ በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቀው አራቱን ምላሶች ወደ ውስጥ አጥፈው ይለጥፉ። እምቢ ያለውን ጥግ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ይሳቡት፣ እስኪቀዘቅዝ በእጅዎ ይያዙት። ቶሎ የለቀቁት ጥግ ተመልሶ ይነሳል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሠራት ይቻላል?

ደረቁን ሽፋን ይቻላል፤ እርጥበት ሲሊኮንን እንዲያውም ያፈጥነዋል። ማስቲሽ ግን ሌላ ነው። ማሟሟያው ሲተን የተቀባውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጠዋት ሣር ላይ እንደሚያርፈው ጤዛ ስስ የውኃ ሽፋን ማስቲሹ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴ ነጣ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴ ጨርሶ አይታይም። ሲለጥፉት የያዘ ይመስላል፤ መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም ጠርዝ ይነሳል። ባለሙያውም ማስቲሹም በከንቱ ይወቀሳሉ።

የግድ ከሆነ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከሐይቁ ዳር ራቅ ባለ ቤት ውስጥ ይሥሩ። ማለዳ አየሩ ገና እርጥብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ አይታመንም። ኮንሶሉንና ሌዘሩን ቀድመው በፀጉር ማድረቂያ ለብ ያድርጉ፤ ለብ ያለ ገጽ ላይ ጤዛ አያርፍም። ጊዜ ካለዎት ግን ከጥቅምት እስከ የካቲት ያቆዩት፤ የኛ ምክር ይህ ነው።

እውነተኛ ቆዳ ይሻላል?

ለማርሹ ዘንግ ልብስ አዎ። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ በዓለም ለጓንት የሚፈለገው ስስ ሆኖ ጠንካራና የሚለጠጥ ስለሆነ ነው፤ ዘንጉ በየማርሹ ሲወዛወዝ ያለ ጭንቅ ይከተለዋል። 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ለኮንሶሉ ላይኛ ገጽ ግን የበግ ቆዳ ቶሎ ይላጣል፤ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ላዩ ቀለም የተቀባ የከብት ቆዳ ይሻላል። ለጫማ የተዘጋጀ ወፍራም ቆዳ ጥግ ላይ አይታጠፍም።

ባሕር ዳር ላይ ደህና ነበር፣ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ጎኑ ተነሳ። ለምን?

የአባይ በረሃ ነው። ከደጀን ቁልቁል ወርደው ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ መኪናው በከባድ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ይጎትታል፤ ካምቢዮውና የጭስ ማውጫው ሲግሉ ሙቀቱ በወለሉ አልፎ ኮንሶሉን ከታች ያገኘዋል። ተራ ማስቲሽ ከ60 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳል፣ ተወጥሮ የተለጠፈ ሌዘርም ወደ ቦታው ይሸሻል። የተነሳውን ጠርዝ ገልጠው አሮጌውን ማስቲሽ ይፋቁ፣ ሙቀት በሚችል ማስቲሽ ሳይወጥሩ መልሰው ይለጥፉ፤ ከሥር የሙቀት መከላከያው መኖሩን ያረጋግጡ። መከላከያው ከሌለ እንደገና ይነሳል።

ከተገጠመ በኋላ ሪቨርስ አልገባ አለኝ።

አዲሱ ሽፋን ከነስፖንጁ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር ዘንጉ ጠርዙን ነክቷል፣ ወይም የዘንጉ ልብስ ጠቧል። ፍሪሲዮን ረግጠው ሁሉንም ማርሾች አንድ በአንድ ያስገቡ፤ ሪቨርስ፣ ሁለተኛና አራተኛ ላይ ያተኩሩ። ማርሹ ገብቶ እጅዎን ሲያነሱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ልብሱ እየሳበው ነው፤ በ3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርዘም። እንዲህ እያለ መንዳት ማርሽ በጉዞ ላይ እንዲያመልጥ ያደርጋል፣ የካምቢዮውንም ጥርስ ይበላል። እጅ ፍሬኑንም እስከ ታች ይልቀቁት፤ ሽፋኑ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ የኋላ ፍሬን እየያዘ ይሄዳል።

በምን ላጽዳው?

በለብ ያለ ውኃና በጥቂት ሳሙና በረጠበ ጨርቅ። ቫዝሊን፣ ናፍጣና የሚያብረቀርቅ ቅባት አይጠቀሙ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ፀሐይዋ ፕላስቲክን ቶሎ ታደርቃለች፤ ሲያቆሙ የፊት መስታወቱን መጋረድ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል።

ኮብልስቶን ላይ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

ሁለት ደረቅ ፕላስቲኮች እየተፋተጉ ነው። ሰው አስቀምጠው እየነዱ ሽፋኑን በየቦታው በመዳፉ ይጫነው፤ ድምፁ የቆመበት ቦታ ያ ነው። ብሎኖቹን ይፍቱና በሚነካኩበት መስመር 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብርድ ልብስ ጨርቅ ቁራጭ ለጥፈው ይመልሱ። ብሎን ማጥበቅ ድምፁን ለሳምንት ያጠፋውና ጆሮውን ይሰብረዋል። ከአንድ ሳምንት ጉዞ በኋላ ሁሉንም ብሎኖች እንደገና ይፈትሹ፤ ስፖንጁ ሲተኛ ጥቂት ይላላሉ፣ ያኔ ሩብ ዙር ይበቃቸዋል።